ግማሽ ዙር ብቻ

የሰው ሥራ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው በየሰፈሩ አለ። የሰው ወጥ ላይ ጨው ይጨምራል፣ የሰው በር ማጠፊያ ዘይት ይቀባል፣ የሰው ልጅ አንገትጌ ያቃናል። ከሁሉም የከፋው ግን የሰው ማረሻ የሚያስተካክለው ነው። ሌሎቹን ከቤት ማስወጣት ይቻላል። እሱ የሚገኘው ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳ ደግሞ በር የለውም።

በደቡብ ኢንዲያና የዚህ ሰው ስም ክቡር ዴልማር ስታክዊሽ ይባላል። ትዋይላ የምትባል ሴት አምርራ ትጠላቸዋለች።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። በቆሎው ከታጨደ በኋላ፣ ያረጁ የጓሮ ትራክተሮች ወዳጆች ግሌንዳ በምትባል ገበሬ ማሳ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ትራክተሮቹ ከጥጃ እምብዛም አይበልጡም። በባለቤቶቹ አባቶች ዘመን ሣር እንዲያጭዱና የጓሮ ድንች እንዲያርሱ የተሠሩ ናቸው። ከዶሮ ቤትና ከቁራሌው ግቢ ተለቅመው፣ ዝገታቸው ተፍቆ፣ አዲስ ቀለም ተቀብተው፣ ጎማቸው ላይ ሰንሰለት፣ ኋላቸው ላይ አንድ ማረሻ ታስሮላቸው ይመጣሉ። አንድ ትልቅ ትራክተር ከቁርስ እስከ ምሳ የሚጨርሰውን መሬት ሃያ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያርሰው ይውላል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ክቡር ዴልማር የራሳቸውን ትራክተር በተጎታች ጭነው ይመጣሉ። ከዚያ የብሎን ቁልፋቸውን ከኋላ ኪሳቸው ይመዙና፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው በሰልፉ ፊት ያልፋሉ፤ ጄኔራል ወታደር እንደሚጎበኝ።

“የዚህችስ ማረሻ አፍንጫው ወርዷል” ይላሉ። ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት በጉልበታቸው ጭቃው ውስጥ ናቸው። “ግማሽ ዙር ብቻ።”

አንድ ጊዜ ፓስተሩ ምግቡን ሲባርኩ ሁሉም ዓይኑን በጨፈነበት የብረት ድምፅ ተሰማ። አሜን ተብሎ ዓይን ሲገለጥ የፓስተሩ ማረሻ ከፍ ብሏል። በርል የሚባለው ወፍራም ሰውዬ ሚስቱ ለልደቱ የሰጠችውን ከማረሻው ፊት የሚታሰር አዲስ ሣር ቆራጭ ዲስክ ገጥሞ ሲመጣ፣ ፈትተው ወደ ኋላ ሳቡለትና ሚስቱ የቱ ጋ እንደተሳሳተች በራሷ ፊት አስረዱት። ከማኅበሩ አባላት አንዱ ሞቶ ሬሳው በገዛ ትራክተሩ ወደ መቃብር ሲጎተት፣ ሰልፉን አስቁመው የመጎተቻውን ብሎን አጠበቁ። “ቢያይ ደስ ይለው ነበር” አሉ። ልጆቹ ምን ይበሉ?

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ትክክል መሆናቸው ነው። እሳቸው የነኩት ማረሻ አፈሩን እንደ ቅቤ ይገለብጠዋል።

ትዋይላ ትራክተሯን ያገኘችው አጎቷ ዶሮ ቤት ውስጥ፣ እስከ ግማሽ ጎማዋ በኩስ ተቀብራ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሞተሩን ፈታች፣ ካርቡረተሩን ቀቀለች፣ ጣቶቿ እስኪላጡ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች። የማረሻው መግጠሚያ ከገበያ ስለጠፋ ራሷ በየደችው። ባለፈው ዓመት ይዛት መጣች፤ አረሰች፤ ትልሙ አማረ። ሰው ከቧት ቆመ። በርል ዶናት እያኘከ፣ “ዴልማር አስተካክሎልሽ ነው አይደል?” አላት።

አልነካብኝም ልትል አፏን ከፈተች። ክቡርነታቸው ግን ራሳቸውን በትሕትና ነቀነቁ። ቡና ልትቀዳ በሄደችበት ግማሽ ዙር አዙረው ነበር። የአንድ ክረምት ሥራዋን በግማሽ ዙር ወሰዱባት። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ መሪውን በጡጫ መታችው።

በዚህ ዓመት የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም የዴልማር ነው የማይለው ትልም። ቤቷ ሳለች ግራ ጎማዎቹን ጣውላ ላይ አውጥታ፣ ትራክተሯ ትልም ውስጥ እንደገባች ያህል አጋድላ ማረሻውን አስተካከለች። ከዚያ በየብሎኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመረች። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ የነካው ሰው ይታወቃል።

“ደህና አደርሽ፣ ትዋይላ” አሉ ክቡርነታቸው ጠዋት ማሳው ላይ ሲያገኟት።

“ዴልማር፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።”

“ምን አደረግኩ?”

“ገና ምንም። እሷን ብሎን ብትነካ ቁልፍህን ኩሬው ውስጥ ነው የምወረውረው። ቀጥሎ አንተን።”

ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው አዩ። “ቀለሙ ያምራል። የላይኛዋ ግን ትንሽ...”

“ዴልማር።”

“ሴትዮዋ የምሯን ነው” አለ በርል። “ሂድና ዶናትህን ብላ።”

እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ትዋይላ ሞተሯን አስነሳች።

የመጀመሪያው ትልም ለማንም አያምርም። ሁለተኛው ላይ ቀኝ ጎማዋን ትልሙ ውስጥ አስገብታ ማረሻውን ለቀቀችው። መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። የበቆሎው ቆረን፣ ከታጨደ በኋላ የቀረው አገዳ፣ እንደቆመ ቀረ። አቆመች። ሰው ሁሉ ያያል። ክቡር ዴልማር ከዳር ቆመው መንጋጋቸው ይንቀሳቀሳል፤ እጃቸው ግን ኪሳቸው ነው።

ብትጠይቃቸው አንድ ቃል ነበር። ከመጠየቅ ማሳውን በጥርሷ ብታርሰው ትመርጣለች። ወረደችና ጭቃው ላይ ተኝታ አየች። የማረሻው ተረከዝ ይጎተታል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ነው። የራሷን ቀይ መስመር ሰብራ ብሎኑን አዞረች። ሞከረች፤ አሁን ደግሞ ተቀበረ፣ ሞተሩ አቃሰተ። እየተሳደበች ጥቂት መለሰችው። በሦስተኛው አፈሩ ጥቁር ሆኖ፣ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ተገለበጠ፤ ከበቆሎው አንድም ቆረን አልታየም። እስከ ማሳው ጫፍ ሄደች።

ስትመለስ በርል ትልሙን አየና “ዴልማር ነው እን...” ብሎ ጀመረ።

“አይደለሁም” አሉ ክቡርነታቸው። “እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሷ ነው።”

ትዋይላ በዚህ ልትደሰት ይገባ ነበር። ግን ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ንዴት የሚያርፍበት አጥቶ ዞር ዞር አለ፤ መጨረሻ የሳቸው ተጎታች ላይ አረፈ። ትራክተራቸው እንደታሰረች ነው። ወርዳ አይታት አታውቅም።

“ያንተስ ለምንድነው የማትወርደው?”

“ጊዜ የለኝም። የሰዉ ማረሻ...”

“ዛሬ ጊዜ አለህ። ማንንም አልነካህም።” ማሰሪያውን ራሷ የምትበጥሰው ያህል ፈታችው።

ክቡር ዴልማር ወጡ፣ አረሱ። ማረስ ከተባለ። ዓይናቸው አንድም ጊዜ ወደ ፊት አልሄደም፤ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ማረሻውን ብቻ ያያሉ። ትራክተራቸው የፈለገችበት ትሄዳለች። ትልሙ ከግሌንዳ ቤት ጀርባ እንደሚወርደው ጅረት ተጣመመ። ማረሻውም አፈሩን ሳይገለብጥ ይፈነቅላል፤ ብሎኖቹ ከተገዙ ጀምሮ ማንም አልነካቸውም፣ ዝገዋል። በርል መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዶናቱን አስቀመጠ።

ቆሙ። ጆሯቸው ቀልቷል። “የሰው ሲሆን ይታየኛል” አሉ በለሆሳስ፣ ከመቀመጫቸው ሳይወርዱ።

ትዋይላ ማሳውን እየረገጠች ሄደች። ለዚህ ሰው ነው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት፣ አለች በሆዷ፤ ይህን ብላም ንዴቷ አልቀነሰም። ቁልፉን ከኋላ ኪሳቸው መዘዘችና ማረሻው ሥር ተንበረከከች።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

ብሎኑ አልንቀሳቀስም አለ። በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።

“ወደ ፊት ተመልከት አንተ ሰውዬ” አለቻቸው። “ግማሽ ዙር ብቻ ነው።”