ወይዘሮ ማርታን ምጽዋ ስንወስዳቸው

ዓለም ያየ ሰው ሲያወራ አፌን ይዤ የማዳምጥ ሰው ነኝ። ፓሪስ እንዲህ ናት፣ ካይሮ እንዲያ ናት፣ እዚህ ቦታ ሳይደርሱ መሞትማ መቀለድ ነው ይላሉ። እኔ ፎቶ ማንሣት ልማር አዲስ አበባ ከከረምኩባት ጊዜ በቀር ከሶዶ ርቄ የሄድኩበት አገር የለም። ግን እንዳትንቁኝ። በጃንሆይ ዘመን ግማሹን ወላይታ ፓሪስ ወስጄ የመለስኩት እኔ ነኝ። ያውም ገበያ ሳይፈታ።

እንዴት አትሉኝም? ፎቶ ቤቴ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነበር። ሰው የማነሣው ጓሮ ወጥቼ በፀሐይ ነው፤ ከደንበኛው ጀርባ ደግሞ እያፈራረቅሁ የምሰቅላቸው የተሳሉ መጋረጃዎች ነበሩኝ። አንዱ ላይ ያ የፓሪስ ረጅም የብረት ማማ አለ፤ አንዱ ላይ ኢየሩሳሌም፤ አንዱ ላይ ነጭ መርከብ የቆመበት ባሕር። ሠዓሊው ባሕር አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ውሃው ከእንሰት ቅጠል የባሰ አረንጓዴ ነበር። ቢሆንም ማን ይጠይቀዋል፤ ጠያቂው ከየት አይቶ!

የሰዉ ምርጫ ደግሞ አያልቅበትም። የግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ማማውን ይላሉ፤ ሥልጣኔያቸው ከሩቅ እንዲታይ። የኦርቶዶክስ እናቶች ኢየሩሳሌምን ይመርጡና መጋረጃውን ተሳልመው ነው የሚቆሙት፤ ጨርቁ ከመሳም ብዛት ከታች በኩል ቅባት ጠጥቶ ነበር። አንዲት ሴት ከገበያ የገዟትን ዶሮ የማስቀምጥበት የለኝም ብለው ታቅፈዋት ፓሪስ ገቡ። ፎቶው ሲታጠብ ከሁለቱ ኮራ ብላ የወጣችው ዶሮዋ ናት። ወደ ስኳር እርሻው ለሸንኮራ ቆረጣ በጭነት መኪና የሚሄዱት ጎረምሶች ግን ባሕሩን ነበር የሚፈልጉት። የሩቅ መንገደኛ ናቸዋ።

ዳና ከነሱ አንዱ ነው። ሊሄድ ሲል እኔው ዘንድ ባሕሩ ፊት ቆሞ ተነሣ፤ ኮቱ የኔ ነበር፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጦበት። ፎቶውን ለእናቱ ትቶ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ ማርታ በአረካ መንገድ ካለች መንደር ቅቤ ይዘው ሶዶ ገበያ የሚመጡ፣ እሑድ ከጸሎት ቤት የማይቀሩ፣ ዝምተኛ ሴት ነበሩ። ሌላ ልጅ የላቸውም።

አንድ የገበያ ቀን የዳናን ፎቶ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና፣ «ልጄ፣ ዳና የቆመበት ቦታ አቁመኝ» አሉኝ።

ባሕሩን ሰቀልኩላቸው። ሄደው ዳር ላይ ጥግ ይዘው ቆሙ።

«እማማ ማርታ፣ ወደ መሐል ይግቡ እንጂ! እንዲህ ከሆነማ ፎቶው አጉል ይሆናል።»

«ይሁን። መሐሉ የዳና ቦታ ነው። ሲመጣ ይቆምበታል።»

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ የሙያ ነገር ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ንቅንቅ አላሉም። እንዳሉት አነሣኋቸው፤ እሳቸው ጥግ ላይ፣ የቀረው ሁሉ ባዶ ባሕር። ሊሄዱ ሲሉ መጋረጃውን በጣታቸው ነካ አደረጉና ከባሕሩ ማዶ ማን እንደሚኖር ጠየቁኝ። «ወፍጮ ቤት ነው እማማ» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤቴ ወፍጮ ነበር። ከት ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ የእውነተኛውን ባሕር ነገር ጠየቁኝ፤ እኔም አላየሁትም አልኳቸው። «እኔ ግን አየዋለሁ። ዳና ምጽዋ ይወስደኛል፤ ብሎኛል» ብለው ቅቤያቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ወጡ።

በዚያው ዓመት ወባው ጠና። ወይዘሮ ማርታ ዳናንም ባሕሩንም ሳያዩ አረፉ። ለቅሶው ላይ ነበርኩ። መንደርተኛው ሁሉ «ልጇን ሳታይ!» እያለ ነበር የሚያለቅሰው፤ እኔን ደግሞ አንጀቴን የበላው ያ ዳር ላይ ጥግ ይዘው የቆሙት ነገር ነው።

ከለቅሶው በኋላ ባለቤታቸው አቶ ጋንታ ፎቶ ቤቴ መጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል። «ዳና አልሰማም» አሉኝ። «‹እናትህ ትንሽ አሟታልና ና፣ ሶዶ ስትወርድ ፎቶ ቤቱ ጠብቀኝ› ብዬ ሰው ልኬበታለሁ። ዝም ብሎ ወደ መንደር ከመጣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያፈርጥበታል። ሲደርስ ላክብኝ፤ በማለዳ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። አደራህን፣ ካንተ አፍ እንዳይሰማ።»

እንግዲህ የመርዶን ነገር ታውቃላችሁ። ደስታ እንደ ልብ ነው፤ ጎዳና ላይም፣ በአውቶቡስ መስኮትም ይነገራል። መርዶ ግን ሥርዓት አለው። ማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው፣ ዘመድ ከብቦ፣ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። እስከዚያ ድረስ የሞተችው ሴት በልጇ ዘንድ በሕይወት አለች፤ የምናኖራት ደግሞ እኛ ነን፣ በውሸት። አደራውን ተቀበልኩ። ለወትሮው ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም፤ ሰውዬው ከሶዶ ሰው ሁሉ እኔን መምረጣቸው ይገርመኛል።

ዳና አንድ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወረደ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ በትከሻው ስኳር የሞላ ከረጢት አንግቷል። ወዲያው የማምነውን ነጋዴ ወደ አቶ ጋንታ ላክሁና እንግዳዬን አስገባሁ። እናቴ እንዴት ናት ብሎ ቢጠይቀኝ የምለውን ሁሉ ደርድሬ ነበር። ደህና ናት፣ ትንሽ ብርድ ነው፣ ባለፈው ገበያ እንኳ አይቻታለሁ። ልጁ አልጠየቀኝም። እግዜር አወጣኝ ብዬ ተነፈስኩ።

ምሳ አቀረብኩ፤ ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድልህ። አንድ ሁለት ጎረሰና እጁን ሰበሰበ። «አውቶቡሱ አዙሮኛል ጋሼ» አለኝ። ፊት ለፊት መቀመጡ ጭንቅ ሲሆንብኝ፣ ና ፎቶ ላንሣህ አልኩት። ባሕሩን ስሰቅል ጫፉን ያዘልኝና፣

«እማዬም እዚህ እንደተነሣች ሰው ነግሮኛል፤ በየት በኩል ነው የቆመችው?» አለኝ።

በእጄ አሳየሁት። ዳር ላይ ያለውን ያንን ቦታ ባዶ ተወና ከጎኑ ቆመ፤ ሰው እንዳይጋፋ ያህል ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ። ካሜራው ላይ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ቶሎ አልወጣሁም። እንባ ያስቸገረውን ሰው የሚሸሽግ መሣሪያ መፈልሰፉ ደግ ነው።

ከዚያ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ያ የጉዞ ወሬ ተጀመረ። የጀመረው እሱ ነው። ክረምቱ ሲወጣ እማዬን ምጽዋ እወስዳታለሁ አለ።

«መልካም» አልኩ።

መጀመሪያ አዋሳ አድረው ሐይቁን ያያሉ። ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ የጃንሆይ አንበሶች። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ አስመራ፤ ከአስመራ ቁልቁል ምጽዋ በባቡር። እኔም ወሬ ከጀመርኩ ልጓም የለኝም፤ ገባሁበት። በመስኮት በኩል አስቀምጣት፣ አለዚያ ያጥወለውላታል አልኩት። ሎሚ እይዝላታለሁ አለ። የምጽዋ ሙቀት የዋዛ አይደለም ብዬ የሰማሁትን አወራሁ፤ ማታ ማታ ብቻ ወደ ውሃው አወርዳታለሁ አለ። አዲስ አበባ የት ይደሩ በሚለውማ ተጨቃጨቅን። እኔ ጉለሌ ያሉ ዘመዶቼ ቤት አልኩ፤ እሱ ደግሞ እናቴን ሰው ቤት አላሳድርም፣ አልጋ እከራይላታለሁ ብሎ ደም ሥሩ እስኪገተር ተሟገተኝ። የተቀበረች ሴት የት ትደር እያልን ስንከራከር ዋልን! ይህ ልጅ ነገ ጠዋት ምን ሊሆን ነው እያልኩ በውስጤ፣ በአፌ የባቡሩን ዋሻዎች እተርካለሁ። ያላየሁትን ዋሻ።

ማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አቶ ጋንታ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። ዳና ተነሥቶ እንደ ሥርዓቱ ተቀበላቸው። ትልቁ ሽማግሌ በወላይትኛ ቀስ ብለው፣ ከሩቅ ጀምረው፣ እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ወሰደው እያሉ ወደ ነገሩ ደረሱ። ልጁ መሬት ላይ ወደቀ። አራት ጎልማሶች ያዙት፤ ካየኋቸው ለቅሶዎች ሁሉ ያ ይከብደኛል።

ወደ መንደር ከመሄዳቸው በፊት ፊቱን ሊታጠብ ጓሮ ወጣ። በጣሳ ውሃ አፈስለት ጀመር።

«ዳና፣ ይቅር በለኝ» አልኩት፤ «ትናንት አፌ ተይዞ ነው።»

«ዐውቄ ነበር፣ ጋሼ።»

«ማነው የነገረህ?»

«ማንም። እናትህ ታማለች ካሉ፣ ሩጥ ነው የሚባለው። እኔን ግን ፎቶ ቤት ጠብቅ አሉኝ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ምጽዋ ምን ነበር?»

በእርጥብ እጁ ፊቱን አበሰ። «እማዬ ከሶዶ አልፋ አታውቅም፤ ትናንት እንኳ ትሂድ ብዬ ነው» አለኝ።

ሌላ ውሃ ቀዳሁለት።