ትውስታ በመርፌ

መርሳት የሚያስቸግረው የረሳውን ሰው አይደለም፤ አጠገቡ ያለውን ነው። የረሳው ሰውማ ምን ገዶት? መርሳቱንም ረስቶታል።

አባቴ ሐጂ ዩሱፍ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የጫማ ሱቅ አላቸው። በኛ ከተማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ሰው ይተኛል፤ ወደ ማታ ይከፈታል። አንድ ቀን አባቴ ሱቁን ቆልፈው፣ ቤት መጥተው፣ በልተው ተኙ። ለካስ ውስጥ አንድ የባልባላ ሰፈር ሰውዬ ጫማ እየለካ ነበር! ስንከፍት በሁለት ዓይነት ጫማ ቆሞ፣ ላብ አጥምቆት አገኘነው። ደግነቱ ጊዜ ስለነበረው ልኩን አግኝቷል።

ወሬው ድሬዳዋ ላለው ወንድሜ ለጀማል ደረሰ። ወሬ መቼ ፓስፖርት ይጠይቃል? ደወለና «አባዬ ደክመዋል፤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» አለ። አባቴ ሱቃቸውንና ጓደኞቻቸውን ትተው ልጅ ቤት ጥግ ይዘው መቀመጥን ከሞት ቆጠሩት። ምሳቸውን እንኳ ሳይነኩ መለሱ። 

በዚህ መካከል ነው ሄሮን ሰፈር አንድ ቻይናዊ ሐኪም የአዛውንቶችን ትውስታ በመርፌ ለማደስ ሙከራ እንደጀመረ የሰማሁት። ለግማሾቹ እውነተኛ መርፌ አናታቸው ላይ ይሰካላቸዋል፤ ለግማሾቹ ቆዳ ነክቶ የሚመለስ የይስሙላ መርፌ። ማን የትኛው እንደደረሰው አይነገርም። ከዚያ ጥቂት ቃላት ይነገሯቸውና ቆይተው ይጠየቃሉ። ጀማልን «ሕክምናው እስኪያልቅ ታገሠኝ» ብዬ ለምኜ አባቴን አስመዘገብኩ። ሐኪሙ የሚናገረውን ፈረንሳይኛ ስለምችል አስተርጓሚነቱም እኔው ላይ ወደቀ።

ችግሩ፣ ሐኪሙ በሽተኛውን ለብቻው ነው የሚፈልገው። የኛ ሰው ደግሞ ታሞ ብቻውን ተኝቶ ያውቃል? የአባቴ ጓደኞች አብረው ተመዝግበው፣ አብረው ገብተው፣ አናታቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ ጎን ለጎን ተጋደሙ። ሐኪሙ ሊያስወጣቸው ቢሞክር ማን ሰምቶት!

መጠየቂያው ሰዓት ሲደርስ አባቴ «ፈረስ፣ ድልድይ...» ብለው ቆሙ። አጠገባቸው የተጋደሙት ጓደኛቸው ወዲያው ዝቅ ባለ ድምፅ «ጨረቃ» አሉላቸው። ሐኪሙ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ዱዓ እያደረጉላቸው ነው አልኩት። ምን ላድርግ? ሽማግሌ በሰው ፊት ቃል ሲጠፋው እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው። ሐኪሙ ፈተና ይለዋል፤ እነሱ ግን መተጋገዝ ነው የሚሉት።

እየቆዩማ ጭራሽ ተራቀቁ። ሐኪሙ ቃላቱን ቢቀያይርም ገና ተርጉሜ ስነግራቸው ይከፋፈሏቸዋል፤ አንዱ አንዷን ቃል ብቻ አጥብቆ ይይዛል፣ ሲጠየቁ ይቀባበላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለካ ስለዚህ ሕክምና ኖሯል!

እንዲህ ሆኖ እውነተኛውም የይስሙላውም መርፌ እኩል ፈወሰ። ሐኪሙ ግራ ገብቶት ራሱን ቢያክክም ደስታው በለጠበትና፣ አባቴን ሊወስድ ለመጣው ለጀማል ፈጽመው ድነዋል ብሎ አበሰረው። እኔ እፎይ ልል ስል ጀማል እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «አልሐምዱሊላህ! እንግዲያው ድሬዳዋ የከፈትኩትን አዲሱን ሱቅ አባዬ ይምሩልኛ!» አይል መሰላችሁ! ታመሙ ብሎ ሊወስዳቸው፣ ዳኑ ብሎም ሊወስዳቸው! 

አባቴ ግን ረጋ ብለው ጀማልን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ይቅርታ አድርግልኝ፣ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ጀማል አለቀሰ። ሐኪሙም ደንግጦ ሕክምናው እዚሁ ከመጀመሪያው ይደገም አለ። ሌላ ምን ይባላል? ወንድሜ ብቻውን ሊመለስ ሲነሳ አባቴ በር ድረስ ወጥተው ሸኙት። «ለባለቤትህ ለሰዓዳ፣ ለእናቷ ለፋጡማ፣ ጉልበቷን ለሚያማት ለአክስትህ ለመርየም፣ ከቤትህ ፊት ለፊት ላለው ለልብስ ሰፊው ለኡመር፣ ለልጁም ለሚፍታህ፣ ባለፈው አረፋ መንታ ለወለደችው ለጎረቤትህ ለነጂማ፣ ሁሉንም ሰላም በልልኝ» አሉት፣ አንድም ሰው ሳይዘሉ።

ጀማልም ዕንባውን እየጠረገ «እሺ አባዬ፣ አላህ ያሽርዎ» ብሎ ሄደ።