እሳት ማጥፊያ ሳይዝ የመጣው የእሳት አደጋ መኪና

የእንግዳ ተሽከርካሪዎች ደህንነት ምርመራ ኮሚቴ፣ የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ፣ መጋቢት 14
ቦታ፦ የምርመራ ጣቢያው የስብሰባ ክፍል (ጭስ ስለሚገባ መስኮቶቹ ተዘግተዋል)
ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00 ተብሎ 3፡40 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. የጣቢያው ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. ሾፌሮች «ፍሬኑ» የሚሏቸው ዋና መርማሪ፣ አባል
3. የመድን ክፍል ኃላፊዋ፣ አባል
4. የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ጸሐፊ

በአስረጂነት የተገኙ፦ ከጎረቤት ከተማ የመጣው የእሳት አደጋ ቡድን አዛዥ (ሴት)

ያልተገኙ፦ የንብረት ክፍል ኃላፊ። እሳቱ ጓሮዬ ገብቷል ሲሉ በስልክ ቢያሳውቁም የጽሑፍ ማመልከቻ ስላላስገቡ «ያለ ፈቃድ የቀሩ» ተብለዋል።

ከአምስት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ከከተማው በላይ ያለው ደን ከትናንት ጀምሮ እየነደደ መሆኑን፣ የከተማው አንድ ለእናቱ የእሳት አደጋ መኪና ጋራዥ ከገባ መሰንበቱን፣ ጎረቤት ከተማ መኪና ከነቡድኑ መላኩንና መኪናው ንጋት ላይ ደርሶ ኬላው ላይ መቆሙን አስረዱ። ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ከባድ መኪና ሳይመረመር እንዳይገባ መመሪያው እንደሚያዝ አስታውሰው፣ «እሳቱ ይጠብቀናል ማለቴ አይደለም፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው» አሉ።

አዛዧ ምርመራውን እንደማይቃወሙ፣ ሆኖም ዳገቱ ላይ እሳት እያጠፉ ቢመረመሩ እንደሚመርጡ ገለጹ። መርማሪው ሥራ ላይ ያለ መኪና ሥር ተኝተው ቦልት እንደማይቆጥሩ መለሱ።

አጀንዳ አንድ፦ የጭስ ልኬት

መርማሪው መለኪያውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተው ሲያዩ ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ማግኘታቸውን አቀረቡ። አዛዧ ሞተሩ ተነስቶ እንደነበር ጠየቁ። መርማሪው ጠፍቶ እንደነበር አምነው፣ «ጠፍቶ ይህን ያህል ካጨሰ ሲነሳማ ምን ሊሆን ነው!» አሉ። አዛዧ ጭሱ የተራራው እንጂ የመኪናው አለመሆኑን በጣታቸው በመስኮቱ አሳዩ። መስኮቱ በጭስ ስለተሸፈነ ተራራውን ማየት አልተቻለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተራራው ጭስ ለብቻው ተለክቶ ከመኪናው ጭስ ላይ እንዲቀነስ ተወስኗል። ተራራ ወጥቶ የሚለካ በጎ ፈቃደኛ ግን አልተገኘም።

አጀንዳ ሁለት፦ ክብደት

መኪናው መታወቂያው ላይ ከተጻፈው ባዶ ክብደት በብዙ ኩንታል እንደሚበልጥ መርማሪው ገለጹ። አዛዧ ትርፉ ውኃ መሆኑን ተናገሩ። መርማሪው ውኃው ተደፍቶ መኪናው ይመዘን፣ ከዚያ ይሞላ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። አዛዧ የከተማው ቧንቧ ከጠዋት ጀምሮ ጭል እንኳ እንደማይል አስታወሱ። ሰብሳቢው ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ግማሹ ብቻ እንዲደፋ አስወሰኑ።

በዚህ ጊዜ አዛዧ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ «አንዲት ጠብታ የሚነካ ካለ መጀመሪያ እኔን ይመዝነኝ!» አሉ። ጸሐፊው ለመዝገቡ ሲባል ኪሏቸውን ጠየቀ። አፈጻጸሙ ለጊዜው ታግዷል።

አጀንዳ ሦስት፦ የእሳት ማጥፊያ

ማንኛውም ተሽከርካሪ ቀይ የእሳት ማጥፊያ ጠርሙስ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር መያዝ ሲኖርበት መኪናው ባዶ እጁን መምጣቱን መርማሪው በምሬት አቀረቡ። አዛዧ፣ «ወንድሜ፣ መኪናው ራሱ ማጥፊያ ነው» አሉ። መርማሪው መኪናው ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር እንደማይገባ ገለጹ። የመድን ክፍል ኃላፊዋ መኪናው እሳት ሊያጠፋ ሄዶ እሳት ቢይዘው ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጠየቁ።

ውይይቱ በሰብሳቢው ስልክ ጩኸት ተቋረጠ። ደዋይዋ ዳገቱ ሥር የሚኖሩት አማታቸው ነበሩ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ድምፁ ስለተለቀቀ፣ የሚከተለው እንዳለ ተመዝግቧል፦

«አንተ ልጅ፣ አጥሬ ተያያዘ እኮ! መኪናው ኬላ ላይ ተገትሯል ይሉኛል። ማነው ያቆመው?»

«ኮሚቴ ነው፣ እማማ።»

«የኮሚቴው አለቃ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«እሰይ! እንግዲያው ቤቴ ሲያልቅ ዶሮዎቼን ይዤ አንተ ሳሎን ነው የምሰፍረው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰብሳቢው ላባቸውን ጠርገው፣ ጉዳዩን እንደገና ሲያጤኑት መኪናው በጣም ደህና መኪና ሆኖ እንዳገኙት ገለጹ። መርማሪው ለአማት ተብሎ መመሪያ እንደማይጣስ ተቃወሙ። የመድን ክፍል ኃላፊዋ መርማሪው ይህን የሚሉት የራሳቸው አማት እሳቱ በማይደርስበት ወንዙ ማዶ ስለሚኖሩ ነው አሉ። መርማሪው፣ «አማቴን ከአፍሽ አውጪ!» በማለት ተነሱ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተወያዩ።

በመጨረሻም ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቢሮው ማጥፊያ ለመኪናው በውሰት እንዲሰጥ ተወሰነ። ሲወርድ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ተገኘ። አዲሶቹ መጋዘን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉም የጓሯቸውን እሳት እያጠፉ ባሉት የንብረት ክፍል ኃላፊ ኪስ ውስጥ ነው።

ድንገተኛ ሁኔታ

ከቀኑ 5፡20 ገደማ ነፋስ ያመጣው ፍም ከጣቢያው አጥር ሥር የተከመሩትን አሮጌ ጎማዎች አቀጣጠለ። አዛዧ ቀድመው ወጥተው ከሰዎቻቸው ጋር መኪናው ላይ ተሰቀሉ። ከአባላቱ መጀመሪያ የወጡት መርማሪው ሲሆኑ፣ «አዛዥ! ኧረ ድረሱልን! አለቅን!» እያሉ ወደ ኬላው ሮጡ።

አዛዧ ከመኪናው ላይ ሆነው፣ «ምርመራውን አልፈናል?» ሲሉ ጠየቁ።

መርማሪው፣ «አልፏል! ከነጭሱ፣ ከነውኃው አልፏል!» ብለው የኬላውን አግዳሚ በገዛ እጃቸው አነሱ።

የጎማው እሳት ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። አዛዧ ወዲያው ወደ ዳገቱ እንደሚሄዱና የሰው እጅ እንደሚያጥራቸው ሲናገሩ፣ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት አባላቱ በሙሉ መኪናው ላይ ተንጠለጠሉ። ሰብሳቢው አማታቸውን አዝለው አወጡ፤ እማማም ጀርባቸው ላይ ሆነው የዶሮዎቹን አወጣጥ መሩ። የመድን ክፍል ኃላፊዋ በባልዲ አሸዋ አመላለሱ። መርማሪው ከአዛዧ ኋላ ሆነው የመኪናውን ውኃ መርጫ ቧንቧ እንደያዙ ዋሉ፤ ቅንድባቸው ተለብልቧል። አመሻሹ ላይ እሳቱ በቁጥጥር ሥር ሲውል አጥሮችና አንድ የዶሮ ቤት ወድመው ነበር። መኖሪያ ቤት ግን አንድም አልተቃጠለም። መርማሪው ይህን ሲሰሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ጭስ ነው አሉ።

የቀጠለ ስብሰባ

ከምሽቱ 12፡30 አባላቱ ጥላሸት እንደለበሱ ተመለሱ። መርማሪው ጠዋት በሦስት አጀንዳ የወደቀ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲሠራ መዋሉ ቢታወቅ ኮሚቴውን እንደሚያስጠይቅ አሳሰቡ። ሰብሳቢው እንግዲያው መኪናው እንዳልመጣ ይቆጠር አሉ። አዛዧ እየሳቁ፣ «ካልመጣን ታዲያ ማን አጠፋው?» ሲሉ ጠየቁ። እሳቱ በገዛ ፈቃዱ ጠፋ ተብሎ እንዲመዘገብ ሰብሳቢው ያቀረቡት ሐሳብ በመርማሪው ብርቱ ተቃውሞ ወድቋል። «እኔ ቅንድቤን የሰጠሁት ራሱ ለጠፋ እሳት ነው?» ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በዛሬው ዕለት በጭስ፣ በክብደትና በማጥፊያ ላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ለእሳት የሚመጣ እንግዳ መኪናም ከእንግዲህ ወጥቶ ሲሄድ እንጂ ሲገባ እንዳይመረመር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

በውሳኔው መሠረት አዛዧ መኪናውን ለመውጫ ምርመራ እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ፣ ከክፍሉ መውጣታቸው ታወቀ። ወዲያው የሞተር ድምፅ ተሰማ። ስብሰባው ከምሽቱ 1፡10 ሲዘጋ ሦስቱ አባላት ከመኪናው ኋላ እየሮጡ ነበር፤ ሁለቱ እጃቸውን ለስንብት ሲያውለበልቡ፣ መርማሪው የጭስ መለኪያውን ይዘው ነበር።