የግማሽ ሰዓት ሂና

የሙሽራ እጅ አቃጥያለሁ። በእሳት አይደለም፤ በሸጥኩት ሂና።

«ሂና ደግሞ ያቃጥላል እንዴ?» ሳትሉኝ አትቀሩም። አያቃጥልም። የሚያቃጥለው ችኮላ ነው። እኛ እኮ ዘይቱ መቼ እንደታሸገ ጠርሙሱን እናገላብጣለን፣ ሥጋው ከየት መጣ ብለን ባለ ልኳንዳውን እናስጨንቃለን፤ ፊታችን ላይ የምንለቀልቀው ክሬም ግን «በሰባት ቀን ያነጣል» ካለን በቂያችን ነው። ሜርኩሪ ይኑርበት፣ ሐኪም ብቻ የሚያዘው መድኃኒት ይኑርበት፣ ማን ጠይቆ! ቆዳ አፍ የሌለው ይመስለናል። ይጠጣል እኮ።

አባቴ ሐረር የተመደበ ወታደር ነበር። ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልናገርም፤ ራበኝ፣ በቃ። ጀጎል ውስጥ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ከግቢያቸው አንዲት ክፍል ሰጡኝ፤ ከማዕዳቸውም አበሉኝ። ክርስቲያን መሆኔን ስለሚያውቁ፣ ሥጋ ባለ ቀን «ያንተ ሽሮ ለብቻው አለልህ» ይሉኛል።

እኔም ሱቅ በደረቴ አንጠልጥዬ ከጀጎል በሮች አንዱ ወደሆነው ፈላና በር ወጣሁ። ሦስት ሻጮች ነበርን፤ ገበያችንም «ጥቁር ሂና» ነበር። እውነተኛው ሂና እጅ ላይ ታስሮ ያድራል፤ ሲፈታም ቀላ ያለ ቡናማ ነው። የእኛው በግማሽ ሰዓት እንደ ከሰል ይጠቁራል። ምስጢሩ የፀጉር ማጥቆሪያ ዱቄት ነበር፤ ራሳችን ነን የምንቀላቅለው። የዱቄቱ ካርቶን ላይ «ቆዳ እንዳይነካ» የሚል ተጽፏል። አንብቤዋለሁ። የሚያሳፍረኝም ማንበቤ ነው።

የአዴ ዘይነባ ልጅ ነጃት ሠርጓ ሦስት ቀን ሲቀረው መጣችብኝ።

«ያንተን ስጠኝ። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ታስሬ ማን ይቀመጣል!»

ሰጠኋት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ነጃት ቸኮለች፣ ያፈሰስኩት ግን እኔ ነኝ። በማግስቱ እጆቿ አብጠው ውሃ ቋጠሩ። ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

«ምን ተቀባች?» አለ ሐኪሙ።

«ሂና» አሉ ሴቶቹ።

«ሂና ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ምን እንደተቀላቀለበት ካላወቅሁ በምን ላክማት?»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ብናገር ማደሪያዬም ማዕዱም ቀረ። ዝም ብል ደግሞ የልጅቷ እጅ።

ተናገርኩ።

አዴ ዘይነባ አላባረሩኝም፤ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ እዚህ ቤት የምትበላው ወቅጠህ ነው» ብለው ሙቀጫ ፊት አስቀመጡኝ። የሂና ቅጠል ወቀጥኩ፤ ሴቶቹ ፊታቸውን የሚታጠቡበትን የቃሲል ቅጠልም ወቀጥኩ። ነፋሁ። እንደገና ወቀጥኩ።

በሠርጉ ቀን አክስቶቿ ፋሻውን የሚሸፍን ነጭ ጓንት ይዘው መጡ። በእኛ አገር እንግዳ የሙሽራን እጅ ሳያይ አይሄድማ! ነጃት ግን ጓንቱን መለሰችው።

«የእኔን ሸፍናችሁ የማንን ልታሳዩ ነው?»

ከዚያ በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቿን ለእያንዳንዷ እንግዳ እየዘረጋች «ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀው» ትል ጀመር። ብዙ ሙሽራ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀና ያለች አላየሁም። ማን እንደሸጠላት ለአንዲቷም አልነገረችም። በሳምንቱ ፈላና በር ላይ ጥቁር ሂና የሚገዛ ጠፋ።

እጇ ዳነ፤ ጠባሳው አለ።

ዛሬ ሂናና ቃሲል ወቅጬ እሸጣለሁ። እሽጌ ላይ የተጻፈው የቅጠሉ ስም ብቻ ነው፤ ውስጡም ያው ነው። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቃችሁም። ቅጠልም ቢሆን ለሁሉ አይስማማምና «መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ሞክሪ» እላለሁ። ባለፈው አንዲት ወጣት ስልኳን እየነካካች ሳቀችብኝ።

«ጋሼ፣ ያንተ ሂና እስኪይዝ እኮ አግብቼ እወልዳለሁ!»

«ውለጂ። ልጁን የምታቅፊበት እጅ ይኖርሻል» አልኳት።

ገዛች።

ያኔ ከነበርነው ከሦስታችን አንዱ ጅቡቲ ገባ፤ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አዴ ዘይነባ አርፈዋል። ነጃት ድሬዳዋ ናት። እዚያ ግቢ የቀረሁት እኔ ነኝ።