ማንም ያልሞተበት የአሜሪካ ጦርነት

አንድ ጥያቄ አለኝ። ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ፤ ለሰው ግን አንስቼው አላውቅም። መርዶ ሳይነገር ስንት ዓመት ይቆያል? እዚህ ስቶክሆልም የወተት ካርቶን እንኳ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። መርዶ ላይ ማን ይጻፍበት?

ነገሩን ከአሜሪካኖች ልጀምር። የኛው ይደርሳል።

እኔ ሰው የሚበዛበት ቦታ አልወድም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼም አሁንም ቢብሊዮቴክ ውስጥ፣ መጻሕፍት መሀል መደበቅ ይቀናኛል። ሰፈራችን አልቢ ካለው ቢብሊዮቴክ የቪዲዮ ካሴት እዋሳለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ታሪክ ዘጋቢ ፊልም ነው። ለምን የአሜሪካ? የሰው አገር መከራ እንደ ልብ ይታያላ! «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» አይደል የሚባለው? የራስን ለማየት ግን ጠንካራ አንጀት ይጠይቃል።

እሑድ እሑድ፣ ከቸርች መልስ፣ እትዬ ፋንታዬ ይመጣሉ። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ሻይ ታቀርባለች፣ እኔ ካሴቱን እከታለሁ። ተራኪው በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከሥር የስዊድንኛው ጽሑፍ ይሮጣል፤ እኔ ደግሞ ከጽሑፉ ኋላ እየሮጥኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እትዬ እንደ ዳኛ ነው የሚያዩት። ጨረቃ ላይ የወጡትን ሰዎች ያየን ቀን፣ «እዚያ ድረስ ሄደው ድንጋይ ይዘው ተመለሱ? ምድር ላይ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» ሲሉ እናቴን ሻዩ ትን አላት። የባቡር ሐዲድ አገሩን አቋርጦ ሲዘረጋ ያየን ጊዜ ደግሞ፣ ኮት ለብሰው ፎቶ የሚነሡትን ባለሥልጣኖች አልፈው ድንጋይ የሚፈልጡትን ቻይናዎች አዩ። «እነዚህ እንደኔ ናቸው» አሉ።

አሁን የኛው። እትዬ ብርሃኑ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። ነበራቸው ልበል? ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ እዚያው ቀረ። አብሮት የነበረ ወታደር በሱዳን በኩል ወጥቶ ስዊድን ሲገባ፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው ለቸርቹ ሽማግሌዎች ነገራቸው። እነሱ ለእናቴ፣ እናቴ ለኔ። ጎረቤቱ ሰማ፤ መዘምራኑ ሰሙ። ያልሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው።

ለምን? መርዶ ወግ አለዋ! በማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ የሚገባው ሰው ነው የሚያረዳው። የሚገባው ሰው ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት የእትዬ ወንድም ናቸው ተባለ። ወንድምየው ለፋሲካ ይመጣሉ ተባለ። ቪዛ ተከለከሉ። ለሚቀጥለው ፋሲካ ተባለ። ደግሞ ተከለከሉ። ሽማግሌዎቹ በተጠየቁ ቁጥር «እንጸልይበት» ይላሉ። ጸሎትስ ሞልቶናል፤ የጠፋው የሚናገር ሰው ነው።

እትዬ በበኩላቸው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ባለ ሦስት ክፍል ቤታቸውን ለቀው ወደ ትንሽ ቤት እንዲዛወሩ ስንት ሰው መከራቸው! «ብርሃኑ ሲመጣ የት ሊተኛ ነው?» ይላሉ። ኪራዩ ከባድ ነው። ስለዚህ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ ዮርድብሩ ድረስ መጋዘን ሊያጸዱ ይሄዳሉ። ለሞተ ሰው የመኝታ ቤት ኪራይ ይከፍላሉ። እኛ ከመስኮት እናያቸዋለን። «አይ እናት!» እንላለን። ከዚያ ሻያችንን እንጠጣለን።

በዚህ መሀል ነው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካሴት እጄ የገባው። ሰሜንና ደቡብ፣ ወንድም ከወንድሙ። ማን አስተውሎ መረጠ? ያላበኝ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ነው። እናቴ በዓይኗ ትቆጣኛለች። ምን ላድርግ? ሞት የሚለውን ቃል ዘለልኩት። ሜዳው ሙሉ ሬሳ ሲታይ «ደክሟቸው ነው» አልኩ። ቆሰሉ፣ ተማረኩ፣ ተለያዩ አልኩ። በኔ ትርጉም፣ በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ደግ ጦርነት ተደርጎ አያውቅም።

እትዬ ታግሰው ታግሰው፣ «ይሄ ሁሉ መድፍ ተተኩሶ አንድ ሰው አልሞተም? ምን ዓይነት ተኳሾች ናቸው?» አሉ።

ባሪያዎቹን ነፃ ያወጣው ረጅሙ ፕሬዚዳንት ቲያትር ቤት ውስጥ ሲመታ የባሰ አመጣሁ። «አሞት ነው» አልኩ። መርዶስ የሚጀመረው እንዲህ አይደል? መጀመሪያ ትንሽ አሞታል፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት ገብቷል...

እትዬ ወደኔ ዞሩ። «አሁን ቲያትር ሲያይ አልነበረም?»

«ድንገት ነው፣ እትዬ።»

«ተኩሱን ሰምቼዋለሁ እኮ፣ የኔ ልጅ። ሰውየው ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እኔን ነው የምታባብዪው?»

እናቴ ሻይ ልትጨምር ተነሣች። ብርጭቆዎቹ ግን ሙሉ ነበሩ።

ያን ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ መጣ። ደጃፏ ላይ የተቀመጠች አሮጊት። ተራኪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷስ ምን ሆና ነው? እውነቱን ንገሪኝ» አሉ እትዬ። ነገርኳቸው። ልጇ ዘምቶ ቀረ። መሞቱን የነገራት ሰው አልነበረም። እስክትሞት ድረስ፣ ራት ሲቀርብ፣ የሱን ሳህን ከሷ ሳህን ጎን ታስቀምጥ ነበር።

እትዬ የሻይ ማንኪያቸውን ሲያዞሩ ቆዩ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ «ጎረቤት አልነበራትም እንዴ?» አሉ።

ጠርጥረው ይሆን? ወይስ ለአሜሪካዊቷ አዝነው ብቻ ነው? አላውቅም። ነገ ሥራ አለኝ ብለው ፊልሙ ሳያልቅ ሄዱ። ደረጃውን አንድ አንድ እያሉ፣ በየመሀሉ እየቆሙ ሲወጡ እኔና እናቴ ቁጭ ብለን ሰማን።

በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ ስልክ ደወልኩ። እኔ! ፒዛ ለማዘዝ እንኳ ስልክ የምፈራው! ትልቁ ሽማግሌ በትዕግሥት ሰሙኝ። ወንድምየው እንደገና ቪዛ ጠይቀዋል፣ እስከዚያው እንጸልይበት አሉኝ። እናቴም ተቆጣች። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ገና ትዳር እንኳ ያልያዝሽ፣ መርዶ ባንቺ አያምርም አለች። እውነቷን ነው፤ አያምርም። በማን ያምራል?

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች። ይቅር ይበሉኝና፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ ነቅዟል።

ነገ ቅዳሜ ነው። እትዬ ሥራ የላቸውም። የምናረዳበትን ሰዓት ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ። እናቴ እኔ የለሁበትም ብላለች፤ ጥቁር ነጠላዋን ስትተኩስ ግን አይቻታለሁ። ሽማግሌዎቹ ከመጡ እንደ ልማዴ ከኋላቸው እቆማለሁ። ካልመጡ፣ እትዬ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ እኔው አንኳኳለሁ።