ደርሶኛል

ጤና የሁሉም ነገር መሠረት መሆኑ በሚመለከታቸው አካላት ተደጋግሞ በተገለጸበት በዚያ ሰሞን፣ አንዲት ልብስ ሰፊ በከተማው ጤና መስሪያ ቤት ያለውን የማስታወሻ ክፍል በር ከፍታ ገባች። ሰላምታ ሰጠች፤ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አኖረች፤ ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ከዚያም የት እንደምትተኛ ጠየቀች።

የክፍሉ ኃላፊ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። በክፍሉ ውስጥ ለመተኛት የሚሆን ነገር ቢኖር ወረቀት የተከመረበት የራሷ ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

"ምን ፈልገው ነው እናቴ?"

"ኑ ብላችሁኝ ነዋ።" ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። "የማህፀን ጫፍ ምርመራ ጊዜዎ ደርሷል፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ ይላል። ይኸው መጣሁ።"

ኃላፊዋ በትሕትና አስረዳቻት። እዚህ ክፍል ማስታወስ እንጂ መመርመር የለም። ምርመራው ከኮሪደሩ ማዶ፣ ነርሷ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሰፊውን ክፍል፣ አዲሱን መጋረጃ፣ ሁለቱን ማራገቢያዎች ቀስ ብላ ቃኘች፤ ጨርቅ ለመቁረጥ ምን ያህል እንደሚመች በልቧ ሳትለካ አልቀረችም።

"ይሄ ሁሉ ለማስታወስ ብቻ ነው?"

"አዎ እናቴ።"

"የመመርመሪያውስ ክፍል?"

"እሱ እንኳ ጠበብ ይላል።"

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያጠለቀች፣ "አንቺስ ልጄ፣ ተመረመርሽ?" አለቻት።

"እኔ? መልእክቱን የምልከው እኮ እኔ ነኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ይህን እንደ አዎንታ ቆጠረችው። ዕድሜ ይስጥሽ ብላ መርቃት ወደ ማዶ ተሻገረች።

ይህች ኃላፊ በመስሪያ ቤቱ "አስታዋሿ" ተብላ ነው የምትታወቀው። ስሙ ሲወጣላት ለፌዝ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው፣ የሚገባትም ነበር። የከተማው ሴቶች ስልክ ላይ የሚገባውን መልእክት የጻፈችው እሷ ናት። "ውድ እህታችን፣ ጤናዎ በእጅዎ ነው። ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ።" ይህች አጭር ጽሑፍ ከመጽደቋ በፊት "ውድ" የምትለዋ ቃል ብቻዋን በርካታ ስብሰባዎችን ጠይቃለች፤ መስሪያ ቤቱ የማያውቃቸውን ሴቶች ውድ ማለቱ ከሥልጣኑ በላይ እንዳይሆን ተሰግቶ ነበር።

ከጽሑፉ ይልቅ የሚደነቀው ግን አሠራሩ ነው። መልእክቱ ለሕዝብ ከመሰራጨቱ አስቀድሞ ወደ አስታዋሿ የግል ስልክ ይላካል። እሷም ነጠላ ሰረዟን፣ አራት ነጥቧን መርምራ "ደርሶኛል" ብላ ትመልሳለች። ኮምፒውተሩ ይህን መልስ ሳያገኝ ለአንዲት ሴት እንኳ አይልክም። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ለሌላው ሰው ከመድረሱ በፊት ለራስ ሊደርስ ይገባል የሚል የሥነ ምግባር መርህም አላት።

በዚህ መርህ የተነሳ በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ውድ እህታችን ትባላለች። በዚህ ምድር ላይ የማህፀን ጫፏን እንድታስመረምር የእሷን ያህል የተለመነች ሴት መኖሯ ያጠራጥራል። ልመናው በመጣ ቁጥርም ሳትታክት፣ ሳትሰለች፣ ደርሶኛል ስትል ኖራለች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አድርጋ ሻይዋን ትጠጣለች።

ያልሄደችው በስንፍና እንዳይመስላችሁ። ምክንያቶቿ በሙሉ የጠነከሩ ናቸው። አንደኛ፣ ምንም አይሰማትም። ደግሞስ እንግዶቹን ሳያስተናግድ ቀድሞ ከማዕድ የሚቀርብ ባለቤት የት አገር ይታያል? የከተማው ሴት ሁሉ ተመርምራ ስታልቅ የእሷ ተራ ይደርሳል፤ በየዓመቱ ደግሞ ለምርመራው ዕድሜ የምትደርስ አዲስ ሴት አለችና መጨረሻው ሩቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ሥር ደግሞ የማትናገረው አንድ አለ። ታላቅ እህቷ የሞተችው በማህፀን ጫፍ ካንሰር ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን በር አስታዋሿ አንድ ጊዜ ብቻ አልፋ ገብታለች፤ እህቷን ደግፋ። "ትንሽ ቀደም ብትሉ ኖሮ" የሚለውን ቃል የሰማችው እዚያ ቆማ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀደም ብለው እንዲመጡ የማትለምናት ሴት የለችም፤ በሩን ግን በዓይኗ ጭምር ትሸሸዋለች።

እህቷ ትታት የሄደችው ልጅ ዛሬ ከእሷ ጋር ትኖራለች። ተማሪ ናት፤ እንደ እናቷ ነገር አታለሳልስም።

"አክስትዬ፣ ሄድሽ?" ትላታለች ከሥራ ስትመለስ።

"ሰኞ፣ ሰኞ። ደግሞ ምንም አይሰማኝም እኮ።"

"እማዬም ምንም አይሰማኝም ነበር የምትለው።"

አስታዋሿ እዚህ ላይ ልጅቱ ምሳዋን በልታ እንደሆነ ትጠይቃለች። ጨዋታው በዚሁ ያበቃል።

በዓመቱ አጋማሽ ላይ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስበው ታሪካዊ ንግግር አደረጉ። ግንዛቤ በሚገባ እንደተፈጠረ፣ የቀረው ተግባር ብቻ እንደሆነ አበሰሩ፤ ተጨበጨበ። አሁን የሚያስፈልገው፣ አሉ፣ ተመርምራ ለሌሎች አርአያ የሆነች ሴት ፎቶ በትልቁ አሠርቶ ኮሪደሩ ላይ መስቀል ነው። የተመረመሩት ሴቶች ተጠየቁ። ልብስ ሰፊዋን ጨምሮ ሁሉም ተመረመርን እንጂ ተዳርን እንዴ፣ ፎቶው ለምናችን ነው ብለው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ሠራተኛውን ሲያዩ፣ ዓይናቸው አስታዋሿ ላይ አረፈ።

"እኔ ግን ገና ነኝ" አለች በዝግታ።

"የሚነሳው ፎቶ ነው። ምርመራው የትም አይሄድም።"

ፎቶው ማዶ ባለው በር ፊት ተነሳ። አስታዋሿ የበሩን እጀታ ይዛ ፈገግ እንድትል ታዘዘች። እጀታው ሲንቀሳቀስ የሰማችው ነርስ ከውስጥ ከፍታ፣ "ግቢ፣ ተራሽ ነው" አለቻት።

"አይ፣ ፎቶ ነው።"

ነርሷ አየቻት፤ ፎቶ አንሺውንም አየችው። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋች።

በሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አስታዋሿ ተሰቀለች። ከሥሯም "እኔ ተመርምሬያለሁ፤ እርስዎስ?" የሚል ጽሑፍ ነበር። ባለ ፎቶዋ ጽሑፉን ስታይ ደነገጠች፤ ነገር ግን ጽሑፉ ለወደፊቱ ትክክል ሊሆን የሚችል በመሆኑ እንደ ስሕተት ሊቆጠር አይገባም ብላ ራሷን አጽናናች።

በዚያው ቀን የእህቷ ልጅ የቤት ቁልፍ ልትወስድ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ አነበበች። ከዚያ የማስታወሻ ክፍሉን በር ሳታንኳኳ ገብታ በአክስቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "ለምን አልነገርሽኝም? እኔኮ ሌሊት ሁሉ አንቺን ሳስብ ነው የማድረው" አለች። ያቺ ነገር የማታለሳልስ ልጅ ታለቅስ ነበር። አስታዋሿ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። አፏን ከፈተች፤ የተከፈተው አፍ ግን ቁልፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ከማለት ያለፈ ነገር አላወጣም። ልጅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሄድሽ ወይ ብላ መጠየቋን ተወች።

ልጅቱ ብቻ አይደለችም። ያን ተከትሎ በመጣው ሰኞ ስልኳ ዝም አለ። ኔትወርክ ይሆናል ብላ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የሚቀጥለውም ሰኞ እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ወደሚያስተዳድረው ባለሙያ ወረደች፤ ረጋ ያለና ከመመሪያ ዝንፍ የማይል ሰው ነው።

"አንቺ ተመርምረሻል" አላት ስክሪኑን እያየ። "ለተመረመረ ሰው ማስታወሻ አይላክም። ራስሽ ያወጣሽው መመሪያ ነው።"

"አልተመረመርኩም።"

"ኮሪደሩ ላይ ተመርምረሻል።"

"እሱ ፎቶ ነው እኮ።"

"የመስሪያ ቤቱ ማህተም አለበት። እኔ ከማህተም ልበልጥ?"

የነገሩ ክብደት የተገለጠው ይህን ጊዜ ነው። አስታዋሿ መልእክት ካልደረሳት ደርሶኛል አትልም፤ እሷ ደርሶኛል ካላለች ደግሞ ለማንም አይላክም። የከተማው ሴቶች በሙሉ ማስታወሻ አጥተው ነበር። ይሁንና የነርሷ ወረፋ አላጠረም። ልብስ ሰፊዋ የደንበኞቿን ወገብ በለካች ቁጥር፣ ተመረመርሽ ወይ ብላ ሜትሩን እንደያዘች መልስ ትጠብቃለች ይባል ነበር። አስታዋሿን ከሁሉ ያበሳጫት ይህ ነው፤ ያለ ጸደቀ ጽሑፍ የሚደረግ ማስታወስ ሕገ ወጥ ባይሆንም ሥርዓት የለሽ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በሪፖርቱ ላይ የተላኩ መልእክቶች ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያዩት ተቆጡ፤ ዛሬውኑ ይስተካከል አሉ። የኮምፒውተር ባለሙያው በበኩሉ አስታዋሿ አለመመርመሯን ነርሷ በጽሑፍ ካላረጋገጠች ጣቱን እንደማያነሳ አስታወቀ። ስለዚህ አስታዋሿ ኮሪደሩን ተሻገረች። የራሷን ትልቅ ፈገግታ አልፋ በሩ ፊት ቆመች፤ እጀታውን ለመያዝ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

"ያልተመረመርኩ ስለመሆኔ ማስረጃ ፈልጌ ነበር" አለች።

ነርሷ እጇን ታጥባ በፎጣ እያደረቀች ነበር። "እንዲህ ያለ ማስረጃ የለንም። እኔ የምጽፈው የመረመርኳትን ሴት ነው፤ ደህና ናት ብዬ ወይም ትታከም ብዬ።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"መጀመሪያ ልመርምርሽ። ከዚያ እስከ ዛሬ ጠዋት አልተመረመረችም ብዬ እጽፍልሻለሁ።"

አስታዋሿ አሰበች። ከአሠራር አንጻር እንከን አልተገኘበትም። ለመመርመር ብትመጣ ኖሮ ከበሩ ትመለስ ነበር፤ የመጣችው ግን ላለመመርመሯ ማስረጃ ነው፣ ለሥራ ነው፣ ስለዚህ ወደ ኋላ አላለችም። መጋረጃው ጀርባ ገብታ ተኛች። ጣሪያውን እያየች ስለ መመሪያው መሻሻል አስፈላጊነት መናገር ጀመረች፤ ነርሷ ትንፋሽሽን ልቀቂ ብቻ አለቻት። ሁሉም ነገር ልብስ ለመለካት ከሚፈጀው ብዙም አልበለጠም።

ነርሷ ግን ኮምጣጤ መሰሉን የመመርመሪያ ፈሳሽ እንደገና ቀብታ፣ መብራቱን አስተካክላ፣ ደግማ አየች።

"ነጭ ቦታ አለ" አለች። "ስሚኝ፣ ካንሰር አይደለም። ቢተው ከዓመታት በኋላ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዛሬውኑ እዚሁ ላጠፋልሽ እችላለሁ።"

አስታዋሿ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው የጸደቀ ነገር አጣች። "ምንም አይሰማኝም እኮ" አለች፤ ድምጿ የእህቷን መሰለ።

"አውቃለሁ። አንቺው ነሽ የጻፍሽው፤ ሕመም እስኪሰማዎ አይጠብቁ ይላል።"

"በጊዜ ደርሰንበታል ወይስ…?"

"ደርሰንበታል።"

ነርሷ በትንሽ መሣሪያ ነጩን ቦታ በሙቀት አከመችው። አስታዋሿ ከተኛችበት ስትነሳ ነርሷ ክንዷን ይዛ እስከ ኮሪደሩ ሸኘቻት። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ምን ነካት ተባባሉ፤ አንዷ ከፎቶው ይልቅ በአካል ታምራለች አለች።

ማታ ለእህቷ ልጅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ፎቶውንም፣ ውሸቱንም፣ ነጩንም ቦታ። ልጅቱ ብዙ ሰዓት አኮረፈቻት። ከዚያ ብርድ ልብስ አምጥታ እግሯ ላይ ጣለችላትና አጠገቧ ተቀመጠች።

በማግስቱ ማስረጃው ለሥራ አስኪያጁ ቀረበ። አስታዋሿ እስከ ትናንት ጠዋት አልተመረመረችም፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ግን ተመርምራለች ይላል። ሥራ አስኪያጁ አንብበው ተደሰቱ። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እውነት ሆኖ ስለተገኘ የሚታረም ነገር የለም፤ መስሪያ ቤቱ አስቀድሞ የተናገረውን ሳይንስ ዘግይቶም ቢሆን አረጋግጦታል አሉ። የመልእክቱ ጉዳይም መላ ተበጀለት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ውድ እህታችን የሚባሉት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ነጠላ ሰረዙን አይተው ደርሶኛል ይላሉ።

ነርሷ አስታዋሿን በዓመቱ ተመልሰሽ መታየት አለብሽ ብላታለች። መመሪያው ግን ስለ ሁለተኛ ጊዜ የሚለው ነገር አልነበረውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተመርምራለች ተብላ ተዘግታለችና መልእክት አይላክላትም። ልጅቱም ያን ሰሞን ለፈተና ሌላ ከተማ ሄዳ ነበር። አስታዋሿ በዓመቱ በሥራ ሰዓት ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ማዶ ተሻገረችና ከሴቶቹ ኋላ ወረፋ ያዘች።