የሊቀ ጅማት ጠመኔ

ዓመቱ ጠፍቶብኛል፤ ብርዱ ግን አልጠፋብኝም። ያን ጊዜ በስፌት ክፍሉ አርባ ሴቶች ነበርን። ጠዋት ጠዋት የስፌት መኪናው ብረት በረዶ ነው፤ ጣታችንን ብብታችን ውስጥ ሸጉጠን ካላሞቅን ክር መርፌ ውስጥ አይገባልንም። ሙቀት ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፣ የካውያው ጥግ። እዚያ ደግሞ እሳቸው አሉ።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ሳይጠየቅ በሌላው ገላ ላይ የሚያዝ አንድ ሰው አይታጣም። አንዱ ውሃ ጠጡ ይላል፣ ሌላው ጨው ቀንሱ ይላል። የእኛው "ተንጠራሩ" ባይ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ግን ማዕረጋቸው "ሊቀ ጅማት" ነው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ ሹመቱ ግን ጸድቋል።

"ጅማት ኩርፊያ ያውቃል" ይላሉ፣ ካውያውን እንደ በትረ መንግሥት ከፍ አድርገው። "ካላናገራችሁት ይኮርፋል። ከኮረፈ በኋላ ስንት ሽማግሌ ቢላክበት አይመለስም።"

በየሁለት ሰዓቱ በእንጨት ሜትራቸው ጠረጴዛውን ሁለቴ ይመታሉ። ያን ጊዜ እግዜር አያድርስ፤ የጀመርሽውን ኮሌታ አስጥለው ያስነሱሻል። አንገት ወደ ቀኝ፣ አንገት ወደ ግራ፣ ጣት ተቆላልፎ ወደ ላይ። "እስኪስብ እንጂ እስኪያም አይደለም! ትንፋሽ አትያዙ፣ ማንም አይቀማችሁም!"

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ይዞ ሲገባ አርባ ሴት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ አገኘ። "ማን ማረካቸው?" አለ ከእንግዶቹ አንዱ። ሊቀ ጅማት ምን ተዳቸው! "ጌታው፣ የእርስዎም ትከሻ ከጆሮዎ ጋር ሊጣበቅ ነው፤ ዝቅ ያድርጉት" ብለው እንግዳውን ከእኛ ጋር ቀላቀሉት። የታመመች ባልደረባችንን ልንጠይቅ ሆስፒታል ብንሄድ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች ቁርጭምጭሚቷን ሲያዟዙሯት ነርሷ ሁላችንንም አባረረችን።

እውነቱን ለመናገር፣ ከሰዓት በኋላ የሚይዘን የራስ ምታት ቀንሶ ነበር። የወገባችንም ቁርጥማት ቀለል ብሎ ነበር። ግን ማን ይንገራቸው? ከነገርናቸውማ ጭራሽ ይብሱብናል። እኔ ከሳቂዎቹ ዋናዋ ነበርኩ። በድምፃቸው "ጅማት ኩርፊያ ያውቃል" ስል ሴቶቹ መኪናቸው ላይ ይደፉ ነበር።

ከዚያ የኔው ኮረፈ።

ቀኝ ትከሻዬ ነው። መጀመሪያ ጸጉሬን ማበጠር አቃተኝ፤ ቀጥሎ ከራሴ በላይ ካለው መደርደሪያ የክር ድውር ማውረድ። በግራ እጄ እየሰረቅሁ ሳወርድ ተቆጣጣሪዋ አየችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። "እህቴ፣ ብርዱ እስኪያልፍ እታገስሻለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም፤ ባንቺ ቦታ የሚገባ ሰው በር ላይ ቆሟል" አለችኝ። ቤት ሁለት ሴት ልጆችና የታመመች እናት አሉኝ፤ ከኔ እጅ ሌላ የሚያዩት እጅ የላቸውም።

ሐኪሙ ትከሻሽ ተቆልፏል፣ በየቀኑ በቀስታ አንቀሳቅሺው አለኝ። ይህን ሊቀ ጅማት ሰሙ። ሳቄን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ አንድም ቃል አላነሱብኝም። "ነይ እዚህ" ብለው ካውያው አጠገብ ግድግዳው ፊት አቆሙኝ።

"ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስወጪያቸው። እስኪስብ…"

"እንጂ እስኪያም አይደለም፤ አውቃለሁ ጋሼ።"

"ካወቅሽማ እስከ ዛሬ ምን ጎለተሽ!"

ጣቴ የደረሰበት ላይ በልብስ ጠመኔ አሰመሩ። ደረቴ አካባቢ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በፊት ልብሱን ትተው እኔን ተኮሱ። ትኩስ ጨርቅ ትከሻዬ ላይ ጣል ያደርጉና "ወደ ላይ ውጪ!" ይሉኛል። ጣቴ የትናንቱን መስመር ሲያልፍ "አያችሁ? አያችሁ?" እያሉ ለክፍሉ ያውጃሉ፤ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። እኔም ልቤ ሞልቶ ቤቴ ገብቼ ማታም እደግመዋለሁ።

አንድ ጠዋት ቀድሜ ደረስኩ። ሊቀ ጅማት ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ በእርጥቡ የካውያ ጨርቅ የትናንቱን መስመር እያጠፉ ነው። አጠፉና ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው አዲስ አሰመሩ። ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት፣ ልክ እጅጌ እንደሚያስተካክል ሰው። ለካስ አንዳንዱን ቀን እጄ ንቅንቅ አላለም ኖሯል።

በጫማዬ ጫፍ ተመልሼ ወጣሁና እያሳልኩ ገባሁ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ?"

"ዛሬ ታልፊዋለሽ፤ ፊትሽ ያስታውቃል።"

አለፍኩት። ያን ቀን ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔው ነኝ።

ብርዱ አለቀ። ተቆጣጣሪዋ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ መደርደሪያውን በአገጯ አሳየችኝ። ሴቶቹ ሁሉ መኪናቸውን አቁመው ዞሩ። ድውሩን በቀኝ እጄ አወረድኩት፤ ሳልታዘዝም መልሼ ሰቀልኩት።

"ጉራሽን ተይና ቁጭ ብለሽ ስፊ" ብላ ሄደች።

ሊቀ ጅማት አቀርቅረው አንዱን የሱሪ እግር ሁለቴ፣ ሦስቴ ተኮሱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል። "እንፋሎቱ ነው" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ያየሁትን አልነገርኳቸውም። በኋላ የስፌት ክፍሉ ተዘጋ፣ እኛም ተበታተንን። እሳቸውን መጨረሻ ያየቻቸው ቁልፍ ትተክል የነበረችው ጓደኛችን ናት፤ አምና ነው። ከታናሽ እህታቸው ጋር ይኖራሉ አለችኝ፤ ከሰፈራቸው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሁለተኛው በር። አንድ ቀን ሄጄ አንኳኳለሁ።